ከኦኩ ሥር፦ የአንዲት ቢጫ አበባ የአምስት ዓመት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ ስልኬ ውስጥ ተበታትኖ የቆየ ነው። ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የጓሮዬ ጥግ። አንድ ትልቅ ነጭ ኦክ ዛፍ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሣር እምቢ ያለው፣ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሚሆን መሬት። ሥራው ትራውት ሊሊ የምትባለውን የዱር አበባ ከዘር አብቅሎ እዚያ ማልመድ ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው። አንዳንዱን ቀን አስፍቼ ጽፌዋለሁ፣ አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፌዋለሁ። እንዳለ ተውኩት።

ኤፕሪል 5፣ 2020

ሁሉ ነገር ተዘግቷል። ከቤት ለመውጣት ያለኝ ሰበብ ስላይጎ ክሪክ በሚባለው ጅረት ዳር በእግር መሄድ ብቻ ነው። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም። መሬቱ አምና በረገፈ ቡናማ ቅጠል ተሸፍኗል። ከዚያ መሃል ዝንጉርጉር ነገር አየሁ። አረንጓዴ ቅጠል ላይ ቡናማና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ፈሶበታል። መጀመሪያ በሽታ የያዘው ቅጠል መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ዳገቱ በሙሉ እሱው ነው።

ከዚያ ሁሉ ቅጠል መሃል ጥቂቶቹ ብቻ አበባ አላቸው። ቢጫ፣ አንገቷን የደፋች፣ ስድስቱ ቅጠሎቿ ወደ ኋላ የተቆለመሙ። ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ፊቷን ለማየት መሬት ላይ መተኛት ግድ ነው። ተኛሁ። ውሻ የሚጎትቱ ሴትዮ ከሩቅ ቆመው ደህና መሆኔን ጠየቁኝ። እሳቸውም ማስክ አድርገዋል፣ እኔም ማስክ አድርጌያለሁ። ጊዜው ጊዜ ነውና ተኝቶ የሚገኝ ሰው ያስደነግጣል።

ኤፕሪል 6

ስሟን አገኘሁት። ትራውት ሊሊ። ትራውት የወንዝ ዓሣ ነው፣ ጎኑ ዝንጉርጉር የሆነ። ቅጠሏ እሱን ስለሚመስል ነው። በሳይንሱ ኤሪትሮኒየም አሜሪካነም ትባላለች። ከምሥራቅ ካናዳ እስከ ጆርጂያ ድረስ በደን ውስጥ ትበቅላለች። ሌላ የቆየ ስምም አላት፦ የውሻ ጥርስ። ይህኛው ከመሬት በታች ላለው ኮረቷ የተሰጠ ነው። ኮረት ስል እንደ ሽንኩርት ራስ ያለውን፣ ስንቋን የምታስቀምጥበትን ማለቴ ነው። የሷ ኮረት ትንሽ፣ ነጭና ሹል ነው። ክራንቻ ቁጭ።

ኤፕሪል 9

ሹራቤን አንጥፌ በሹራቡ ስፋት ልክ ያለውን ቆጠርኩ። 118 ቅጠል። አበባ 2።

ደግሜ ሳይ ሥርዓት አለው። አበባ ያላቸው ሁለት ቅጠል አላቸው። አንድ ቅጠል ያላቸው አንዳቸውም አላበቡም። ማታ አነበብኩት። አንድ ቅጠል ያለው ተክል ኮረቱ ገና አልጠገበም ማለት ነው። አበባ አያወጣም፣ ግን ዝም ብሎም አይቀመጥም። ከኮረቱ ሥር ነጭ ክር ይልካል። ክሩ ወደ ጎንና ወደ ታች ይሄድና ጫፉ ላይ አዲስ ኮረት ይሠራል። እንዲህ እያለ ቤተሰቡ ይሰፋል። ትልቅ መንጋ ሆኖ የሚታየው የአንድ እናት ቅጂ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውም ከመቶ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ የማየው አበባ ትርፉ ነው። ዋናው ነገር የተቀበረው ነው።

ሜይ 24፣ 2020

ዛሬ ዳገቱ ላይ ምንም የለም። አንድም ቅጠል። ላያችን ላይ የቱሊፕ ፖፕላርና የቢች ዛፎች ጣሪያ ገጥመዋል። ሥሩ ጨለማ ነው። ትራውት ሊሊ ሥራዋን የምትሠራው ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ ዛፎቹ ቅጠል አውጥተው ፀሐዩን እስኪዘጉባት ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ያቺን ጥቂት ሳምንት ትበላለች፣ ኮረቷን ትሞላለች፣ ትጠፋለች። የማያውቅ ሰው እዚህ ሽርሽር ቢወጣ ምን ላይ እንደተቀመጠ አይገባውም።

ከፓርክ ቆፍሮ መውሰድ ክልክል ነው። ባይከለከልም አይሆንም። ኮረቱ ጠልቆ ነው ያለው፣ ክሩ ይበጠሳል፣ የምትይዘው ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 26፣ 2020

በፖስታ አሥር ኮረት አዝዤ መጣልኝ። ስከፍተው ሦስቱ እንደ ደረቀ ዝንጅብል ተጨማደው ነበር። ለሻጩ ጻፍኩ፣ ግማሽ ገንዘቤን መለሰልኝ። አንድ ነገር ግን ተማርኩ። ይህ ኮረት እንደ ቀይ ሽንኩርት ልብስ የለውም። ሽንኩርት መደርደሪያ ላይ ወር ይቆያል፣ ይህ ሜዳ ላይ ከዋለ ይደርቃል። እርጥብ ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ መላክ ነበረበት። ሌላው ያሳሰበኝ ዋጋው ነው። ከዘር እስከ አበባ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ተክል እንዲህ ረክሶ ሲሸጥ ከጫካ ተቆፍሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት። ሁለተኛ አልገዛም።

ሰባቱን ተከልኩ። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፈርኩ፣ ከዚያ በታች ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ሰነፍኩ።

ማርች 28፣ 2021

ከሰባቱ ሁለት ቅጠል ወጣ። በቃ።

ኤፕሪል 11፣ 2021

ጋሼ ዘንድ ሄድን። ጋሼ የቤተሰብ ወዳጅ ናቸው፣ ዲሲ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ከፍሬድሪክ ወዲያ በካቶክተን ተራራ ግርጌ ጫካ ያለው ቤት ገዙ። "ጫካ ገዛሁ ብዬ አገር ቤት ስደውል፣ ከሰል ላከስል መስሏቸው 'ፈቃድ አለህ ወይ?' አሉኝ" ይላሉ።

ከቤታቸው ጀርባ ዳገቱ ትራውት ሊሊ ነው። የሳቸው ደግሞ ከስላይጎ ክሪኩ ይለያል። አበባዋ ውስጥ ያሉት ዱቄት ያዢዎቹ ቀላ ያለ ቡናማ ናቸው፣ የዛገ ምስማር ይመስላሉ። የስላይጎዎቹ ቢጫ ነበሩ። ሁለቱም ያው ዝርያ ነው።

ፀሐይ ወጥታ ስለነበር አበቦቹ ተከፍተዋል። በደመና ቀንና ማታ ይዘጋሉ። አንዲት ትንሽ ንብ አበባ ውስጥ ተንጠልጥላ አየሁ። ቀፎ የላትም፣ መሬት ቆፍራ ብቻዋን የምትኖር ናት። በዚህች አበባ ዱቄት ልጆቿን የምታሳድግ ለብቻዋ የሆነች የንብ ዝርያ አለች፣ አንድሬና ኤሪትሮኒያይ የምትባል። ያየኋት እሷ ትሁን ሌላ በዓይኔ መለየት አልችልም። ያቺ ንብ የምትኖረው ግን አበባዋ ባለችበት ብቻ ነው። ይህን ሳስብ የኔ ሁለት ቅጠል አሳቀኝ።

ዘር እንድለቅም ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ጉንዳኑን ካስፈቀድሽ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሜይ 2፣ 2021

ፋሲካን ጋሼ ቤት ዋልን። ከዶሮው በኋላ ሁሉም ሲያንቀላፋ ጫካ ገባሁ። አበባው አልፏል፣ አረንጓዴ ፍሬ ቋጥሯል። ፍሬው እየከበደ ሲሄድ አገዳው ይጎብጥና መሬት ይነካል። እዚያ ይፈነዳል። ለቀማ ስመጣ ባዶ እንዳላገኘው፣ ከእህቴ ሠርግ የተረፉትን ስጦታ የሚቋጠርባቸው ስስ ከረጢቶች ይዤ ሄጄ ነበር። በ14 ፍሬዎች ላይ አሰርኩ። ጫካው መሃል ነጭና ወርቃማ ከረጢቶች ተንጠልጥለው ሳይ ሠርጉ ትዝ አለኝ።

ሜይ 20፣ 2021

ሲካዳዎቹ ወጡ፣ ከመሬት ሥር የሚወጡት ጯሂ ነፍሳት። ብሩድ ቴን የሚባሉት ናቸው፣ በ17 ዓመት አንዴ የሚወጡት። ከዚህ በፊት በ2004 ወጥተው ነበር፣ የሚመለሱት በ2038 ነው። ከኦኩ ሥር መሬቱ ወንፊት ሆኗል። ጩኸቱ ስልክ አያስወራም። ቀዳዳዎቹ ግን ለኔ ተመቹኝ። ያ የደረቀ ሸክላ በነፃ ተቆፈረልኝ።

ጁን 5፣ 2021

ለቀማ። ከ14ቱ ከረጢት ዘር የያዙት 9 ናቸው። በድምሩ 71 ዘር። ዘሩ ቡናማ ነው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ሥጋ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ቅባት አለው። ለጉንዳን የተቀመጠ ምሳ ነው። ጉንዳኑ ዘሩን ወደ ጎጆው ይጎትታል፣ ነጩን ይበላል፣ ዘሩን ከቆሻሻው ጋር ይጥለዋል። የጉንዳን ቆሻሻ ማለት ለዘር ምቹ አፈር ነው።

አንዷን ዘር ለፈተና ጓሮዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። አራት ደቂቃ አልሞላም፣ ተወሰደች። ጋሼ አልቀለዱም ነበር።

ከቀሩት 70፣ 30ውን ያኔውኑ ከኦኩ ሥር ዘራሁ። 24ቱን በሁለት ፖት አደረግሁ። 16ቱን ደግሞ እናቴ የበርበሬ ዘር እንደምታደርቀው ጋዜጣ ላይ አስጥቼ ለሴፕቴምበር አቆየሁ። አንብቤ ነበር "አይደርቅ" የሚለውን። በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።

ፌብሩዋሪ 19፣ 2022

ጓሮው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ደመቀ። ደስ አለኝ። ጠጋ ስል ሌሰር ሴላንዳይን ነው። ይህኛው ከአውሮፓ የመጣ፣ ልብ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያለው፣ እሱም ቢጫ የሚያብብ አረም ነው። በሮክ ክሪክ ፓርክ የወንዝ ዳር መሬትን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው እሱ ነው። ከትራውት ሊሊ ቀድሞ ይነሣና ያችን አጭር የፀሐይ ጊዜ ይቀማታል። ለኔ ትልቁ ጠላት እሱ ነው።

ከጎረቤት አጥር ሥር ነው የገባው። ሥሩ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ እብጠቶች ስብስብ ነው። ስትነቅዪው ይበተናሉ፣ አንዷ ብትቀር ከሷ ይነሣል። ስለዚህ መንቀል ሳይሆን ከነአፈሩ በማንኪያ ማውጣት ነው። እውነቴን ነው፣ የወጥ ማንኪያ ነው የተጠቀምኩት። የእጅ አካፋው ይሰፋል። ብስባሽ ክምር ላይ አይጣልም፣ እዚያም ይበቅላል። በፌስታል አስሬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ ጉልበቴ ዛለ።

ማርች 30፣ 2022

ሣር መስሎኝ ልነቅለው ነበር! እጄ ላይ ስይዘው አንድ ክር ነው፣ ጫፉ ላይ የዘሩ ቅርፊት ተንጠልጥሏል። የትራውት ሊሊ የመጀመሪያ ዓመት ቅጠል ይኸው ነው። ነጠብጣብ የለ፣ ስፋት የለ። ክር።

ቆጠራ። ከፖቱ 24፣ 19 በቅለዋል። ከመሬቱ 30፣ ያየኋቸው 11። ከደረቁት 16፣ ዜሮ። እናቴ በርበሬዋን ታድርቅ።

ኤፕሪል 20፣ 2022

አጋዘን ከሁለቱ የሱቅ ቅጠሎች አንዱን ግማሹን በላው። የዶሮ ሽቦ ገዛሁ።

ኦክቶበር 22፣ 2022

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናት። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ጓሮው ተጠርጓል። ጥርግ! አፈሩ የመጥረጊያው መስመር ታይቶበታል። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት የኦክ ቅጠል በሰባት የወረቀት ከረጢት ታጭቆ፣ አፉ ተጣጥፎ ለካውንቲው መኪና መንገድ ዳር ቆሟል። ጎረቤቴ ናቸው ከረጢቱን የሰጧት፣ በምልክት ተግባብተው።

"ግቢሽ እንዴት እንዲህ ይሁን? ሰው የሌለበት ቤት ይመስላል እኮ" አለችኝ።

ምን እላለሁ? ልጅ ሆኜ ጠዋት ጠዋት በሷ መጥረጊያ ድምፅ ነበር የምነቃው። ግቢ የሚጠረግ ነገር ነው። አስረዳኋት። ይህ ቅጠል ቆሻሻ አይደለም፣ ለተክሏ ብርድ ልብሷም ምግቧም ነው። ከሥሩ ያለው አፈር እንዳይደርቅ ይይዛል። ጉንዳኑም ትሉም እዚያ ነው ያለው። በ1976 በኒው ሃምፕሻየር ሀባርድ ብሩክ ደን የሠሩ ተመራማሪዎች ስለዚህችው ተክል ጽፈዋል። በረዶ ሲቀልጥ ውኃው ናይትሮጅንና ፖታሲየም ከአፈሩ አጥቦ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነቅታ የምትሠራው እሷ ስለሆነች ከሚታጠበው ትይዛለች። ዛፎቹ ቅጠል ካወጡ በኋላ ቅጠሏ ሲበሰብስ ያን የያዘችውን ለዛፎቹ ትመልሳለች።

እማዬ በጥሞና ሰማችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ቆሻሻ ለመጠበቅ ነው አሜሪካ የሄድሽው?" አለችኝ።

ከረጢቶቹን መልሰን ደፋን። ሰባቱ አልበቃኝም፤ የተሰበረ የተፈጨ ነገር ነው የተመለሰው። ማታ በመኪና ሰፈሩን ዞሬ ሰዎች ያወጡትን ዘጠኝ ከረጢት ጫንኩ። ሰው ቅጠሉን ያስወጣል፣ እኔ አስገባለሁ። እማዬ ከፊት ወንበር ሆና "ሰው እንዳያይሽ ፍጠኚ" ትላለች። ስንመለስ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ኤፕሪል 4፣ 2023

እማዬ ልትመለስ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ቡና አፍልታ በር ላይ ተቀምጣለች። "ዛሬ መጋቢት 26 ነው። ጸደይ ገባ" አለች።

እኔ ጸደይ ሲባል አደይ አበባና መስከረም ነበር የሚታየኝ። ሬዲዮውም እንዲያ ነው የሚለው። እማዬ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። በሷ ቆጠራ የመስከረሙ ወቅት መጸው ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ስልኬን ከፍቼ ያለፉትን ቀኖች አየሁ። ስላይጎ ክሪክ ያየኋት ኤፕሪል 5። ጋሼ ጫካ ኤፕሪል 11። ይህች የአሜሪካ የዱር አበባ የእማዬን ባሕረ ሐሳብ አክብራ ነው ለካ የምትወጣው።

አብረን ጎንበስ ብለን ቆጠርን። የሁለተኛ ዓመት ቅጠሎች ከክር አልፈው የትንሽ ጣቴን ጥፍር ያህል ሰፍተዋል። ነጠብጣቡ ገና ፈዛዛ ነው። ከመሬቱ 9፣ ከፖቶቹ 17። እማዬ "ይህቺን ነው ሦስት ዓመት የምትጠብቂው?" አለች። ገና ሁለት ዓመታቸው መሆኑን ነገርኳት። ለማበብ ደግሞ ሌላ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ። ቡናዋን ፉት ብላ ዝም አለች። ከዚያ መጥረጊያውን አንሥታ ሲሚንቶውን ብቻ ጠረገች። ከቅጠሉ ጠርዝ ስትደርስ ቆመች።

ኦክቶበር 14፣ 2023

ዛሬ ፖቶቹን ገለበጥኩ። ከዚህ ሥራ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

የዘራሁት አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር። ላዩን አፈር በጣቴ ገፋሁ፣ ምንም። መሃሉን ፈለግሁ፣ ምንም። ሞተው ነው ብዬ ልደፋው ስል ፖቱ ታች፣ ውኃ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ሁሉም ተደርድረው አገኘኋቸው። የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጭ ጥርሶች። በሁለት ዓመት አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ወርደዋል። አንዳንዶቹ ፕላስቲኩ ሲያግዳቸው ነጭ ክር አውጥተው በጎን ዞረው መንገድ ሲፈልጉ ነበር። አንዱ ቀዳዳውን አግኝቶ ግማሹ ውጭ ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ ወደ ላይ ሳይ ነው የከረምኩት፤ ቅጠል ስንት፣ አበባ መቼ። እነሱ ግን የሚሄዱት ወደ ታች ነው። ጠልቆ ያለ ኮረት ብርዱ አያገኘውም፣ በጋው አያደርቀውም፣ ስኩዊረል የሚባለው የዛፍ ሽኮኮ አይቆፍረውም። ያን ጊዜ በአምስት ሴንቲ ሜትር የቀበርኳቸው የሱቅ ኮረቶች ለምን እንደሞቱ አሁን ገባኝ። ከታች ያለው ሸክላ እንደ ፖቱ ፕላስቲክ ነው የሆነባቸው።

ስለዚህ ሥራው ተቀየረ። አበባ ተከላ ቀርቶ መሬት ማለስለስ ሆነ። ግን የኦኩ ሥር ስላለ በዶማ አይሞከርም። ረጅም ብረት ወጋ አድርጌ እወዘውዛለሁ፣ ቀዳዳው ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል እሞላለሁ። ሲካዳዎቹ ያስተማሩኝ ዘዴ ነው። በቀን አርባ ቀዳዳ ያህል። ሃያ አንዱን ኮረት (ክር ያወጡት ተጨምረው ነው) በ12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተከልኩ። ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ። አንድ ሁለቱን ጫፉ የቱ እንደሆነ ስላልለየሁ በጎን አስተኛሁ። ራሳቸው ይወቁት።

ኤፕሪል 8፣ 2024

የፀሐይ ግርዶሽ ቀን። ሰፈሩ በሙሉ መነጽር አድርጎ ወደ ላይ ያያል። እኔ በግንባሬ ተደፍቼ ነበር። ከሱቅ ኮረቶች አንዱ ሁለት ቅጠልና አንድ አበባ አወጣ።

ሜይ 12፣ 2024

ፍሬው ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ውስጡ ባዶ። ይህች ተክል በአብዛኛው በራሷ ዱቄት ዘር አትይዝም፤ ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ዱቄት ያስፈልጋታል። ጓሮዬ ውስጥ አንድ አበባ ብቻ ነው የነበረው። ንብ ብትመጣስ ከየት ታመጣ?

ኖቬምበር 2፣ 2024

ዝናብ ከጠፋ አንድ ወር ሆነ። የኦኩ ቅጠል ሳይቀላ ደርቆ ይረግፋል። ሰው በዚህ ወቅት ተክሉ ተኝቷል ብሎ ይተወዋል። አልተኛም። ትራውት ሊሊ አዲስ ሥር የምታወጣው በመጸው ነው። ቡቃያዋም በክረምቱ ከቅጠሉ ሥር ቀስ እያለ ይወጣል። አሁን ከጠማት በጸደይ የሚታይ ነገር የለም። በሳምንት ሁለት ቀን በቀስታ አጠጣለሁ። ጎረቤቴ ባዶ መሬት ሳጠጣ አይተው ምንም አላሉም። ለምደውኛል።

ኤፕሪል 6፣ 2025

ቆጠራ። ከዘር የበቀሉት 26 ቅጠል። ሁሉም ባለ አንድ ቅጠል፣ አሁን ግን የአውራ ጣት ስፋት አላቸው፣ ነጠብጣቡም ደምቋል። አበባ የለም። አራተኛ ዓመታቸው ነው፣ አልቸኩልም። ሁለቱ የሱቅ ኮረቶች ሁለቱም እምቡጥ ይዘዋል። አንድ ሣጥን ውስጥ ስለመጡ እህትማማች ቅጂዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ አልተማመንባቸውም።

ኤፕሪል 12፣ 2025

የሆሳዕና ዋዜማ። ጠዋት ፍሬድሪክ ሄጄ ከጋሼ አበቦች ዱቄት በትንሽ ብሩሽ እያራገፍኩ ወረቀት ላይ ሰበሰብኩ። ለክኒን እንደሚታጠፈው አጠፍኩት። "ሽማግሌ ሆነሽ ልትድሪያት ነው?" አሉ ጋሼ። ሃምሳ ደቂቃ ነዳሁ፣ መስኮት ዘግቼ። ጓሮ ስደርስ ፀሐይ ስለነበረ አበቦቹ ተከፍተዋል። የሳቸው ዱቄት የዛገ ቀይ፣ የኔዎቹ ቢጫ። ስለዚህ ብሩሹ የነካው ቦታ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሁለቱንም ቀባሁ፣ ከሰዓት ደገምኩ። የቀረውን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው በማግስቱ ከዘንባባው ጋር አብሮ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

ኤፕሪል 27፣ 2025

እማዬ ደወለች። ገና ሰላምታው ሳያልቅ "አበባሽስ?" አለችኝ። አንደኛው እንደቋጠረ፣ ሁለተኛውን ስኩዊረል አገዳውን እንደሰበረው ነገርኳት። "ቅጠሉን እየጠረግሽ አይደለም አይደል?" አለች። አይ እማዬ!

ጁን 1፣ 2025

ፍሬው መሬት ላይ ተኝቷል። ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ከረጢት አላሰርኩበትም። ማታ ላስርበት አስቤ ነበር፣ ከዚያ ተውኩት።

ዘሮቹ ይታያሉ፣ ነጭ ጫፋቸው ገና ትኩስ ነው። ከ20 በላይ ይሆናሉ። ቡናዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉንዳን ዞሮት ሄደ። ሁለተኛው ነካ አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ ዘሩን በነጩ ጫፍ ያዘና ወደ ኋላ እየተራመደ ጎተተው። ቅጠል ላይ ወጣ፣ ከቅጠል ወደቀ፣ እንደገና ያዘው። ወደ ኦኩ ይሄዳል ብዬ ነበር። በሽቦው ቀዳዳ ሾልኮ፣ በአጥሩ ሥር አድርጎ፣ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ይዞት ገባ። ያ ሴላንዳይኑ የመጣበት ግቢ ነው።

ነገ ማንኪያዬን ይዤ በራቸውን አንኳኳለሁ።